አንድ ቃል በናንት ቤተ መዘክሮች

ናንት በምዕራብ ፈረንሳይ፣ ልዋር የተባለው ወንዝ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። በሁለት ቀን ቆይታዬ የሥነ ጥበብና የታሪክ ቤተ መዘክሮቿን ለማየት ችያለሁ። በትርጉም ሥራ የኖረ ሰው ግን ቤተ መዘክር ሲገባ እንደ ሌላው ጎብኚ አይሆንለትም፤ ከሥዕሉ አስቀድሞ አጠገቡ የተለጠፈችውን ጽሑፍ ያነብና «ይህን በአማርኛ ምን እለዋለሁ?» ማለት ይጀምራል። ክፉ ልማድ ነው፤ ልተወው አልቻልኩም።

በሥነ ጥበብ ቤተ መዘክሩ ይኸው ልማዴ ደስታ ሆኖልኝ ነበር። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1900 የተከፈተ ሲሆን ለዓመታት ታድሶ በ2017 ዳግም ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። ዦርዥ ደ ላ ቱር የሣለው፣ በሻማ ብርሃን ለተኛው ለአረጋዊው ዮሴፍ መልአክ ሲገለጥለት የሚያሳየው ሥዕል እዚህ ነው። እኔን ግን አስሮ ያቆመኝ ጉስታቭ ኩርቤ በ1854 የሣላቸው የእህል ነፊዎች ናቸው። ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት ጀርባዋን ሰጥታን፣ ተንበርክካ፣ ትልቅ ወንፊት በሁለት እጇ ይዛ ትነፋለች። አጠገቧ ሌላዋ እንደ ደከመው ሰው ተቀምጣ ከሳህን ላይ ትለቅማለች፤ አንድ ልጅ ደግሞ የማበጠሪያውን መኪና ከፍቶ ወደ ውስጥ ያጮልቃል። ለዚህ ሥዕል አማርኛ አላጣሁም። መንፋት፣ ማበጠር፣ ማንገዋለል፣ መልቀም፤ እንዲያውም ፈረንሳይኛው አነሰኝ። በቋንቋዬ ኮርቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ወደ ታሪክ ቤተ መዘክሩ ሄድኩ። የሚገኘው የብሪታኒ መሳፍንት በኖሩበት፣ ሁለት ጊዜ የፈረንሳይ ንግሥት የሆነችው አን በ1477 በተወለደችበት ግንብ ውስጥ ነው። ስለ መሳፍንቱ ብዙ የምለው የለኝም፤ እነሱን በጥድፊያ አልፌ ከመርከቡ ሥዕል ፊት ደረስኩ።

ናንት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከፈረንሳይ ወደቦች ሁሉ በባሪያ ንግድ ቀዳሚዋ ነበረች። ሥዕሉ በ1770 ገደማ የተሣለ የአንድ መርከብ ንድፍ ሲሆን፣ ከሎአንጎ ጠረፍ የተጫኑ ከሦስት መቶ የሚበልጡ ሰዎች በመርከቡ ሆድ ውስጥ ጎን ለጎን ተደርድረው ይታዩበታል። ሠዓሊው እጁ የጠራ ነው። መጠኑን ጠብቆ፣ ቀለሙን መጥኖ፣ ሰውን ከበርሜል እኩል በጥንቃቄ ሥሎታል። የመርከቡ ስም «ማሪ ሴራፊክ» ይባላል፤ ወደ እኛው ብንመልሰው «ማርያም ሱራፌላዊት» እንደ ማለት ነው። ይኸው መርከብ በሌላ ሥዕል ላይ፣ ዛሬ ሄይቲ በምትባለው አገር ጠረፍ ሰዎች ሲሸጡበት ይታያል፤ ገዢዎቹ ከኋላው ክፍል አጊጠው፣ ማዕድ ቀርቦላቸው።

እዚህ ላይ አማርኛዬ ከዳኝ። የፈረንሳይ ታሪክ ጸሐፊዎች በመርከብ የተጫነውን ሰው «ካፕቲፍ» ማለትን ይመርጣሉ፤ ተይዞ የተወሰደ፣ ገና ባሪያ ያልተደረገ ሰው ማለታቸው ነው። «ምርኮኛ» ብለው ጦር ሜዳ የወደቀ ወታደር ይመጣብኛል። «ባሪያ» ብልስ? በእኛ ቋንቋ ይህ ቃል በጸሎት ራስን ዝቅ ማድረጊያ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲወጡ ደግሞ የሰው የቆዳ ቀለም መስደቢያ ነው። የባዕዱን ታሪክ ልተረጉምበት ያነሣሁት ቃል ወደ አያቴ ቤት መለሰኝ።

በአያቴ ቤት ጓዳ የሚተኙ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ከሁሉም ቀድመው ይነሣሉ፤ ከሁሉም በኋላ ይበላሉ። እኛ ልጆች ለጎረቤቱ ለማኝ እንኳ «አንቱ» እንድንል በአርጩሜ የተማርን ሳለን፣ እኒህን ሴት ግን «አንቺ» ነበር የምንላቸው። ማንም አልገሠጸንም። ፈረንሳይ ባርነትን በ1794 ሽራ፣ በ1802 መልሳ፣ በ1848 ለመጨረሻ ጊዜ አስቀርታለች። እኛ ዘንድ ሕጋዊነቱን ያሳጣው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። አሮጊቷ ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ቢሆናቸው ነው። አዋጁ ጓዳ ድረስ መግባት አለመግባቱን በልጅነቴ የሚነግረኝ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ በወንዙ ዳር ወዳለው፣ በ2012 ወደተከፈተው የባርነት መወገድ መታሰቢያ ወረድኩ። በመተላለፊያው መሬት ላይ ሁለት ሺህ ያህል የመስታወት ሰሌዳዎች ተተክለዋል፤ በአብዛኞቹ ላይ የተጻፈው ከናንት የተነሡት መርከቦች ስም ነው። የመርከቦቹን መዝገብ የያዘ ሰው ነበር። የተጫኑትን በስማቸው የመዘገበ አልነበረም። እያጎነበስኩ ማንበቤን ትቼ አክስቴ ዘንድ ስልክ ደወልኩ።

«እኒያ አያቴ ቤት የነበሩት አሮጊት፣ ስማቸው ማን ነበር?» አልኳት።

«ማናቸው?» አለችኝ።

ሥራቸውን ነገርኳት፣ መልካቸውን ነገርኳት። አላወቀቻቸውም። በመጨረሻ፣ እያፈርኩ፣ «ጓዳ ትተኛ የነበረችው» አልኳት።

«እ! እሷን ነው እንዴ!» አለች ወዲያው። «ምን አስታወሰሽ?» ስሟንም ነገረችኝ፤ ያወጡላት አያቴ እንደ ነበሩ፣ የመጣችበትን ስም ግን የጠየቃት እንዳልነበረ ጨምራ።