የአያቴ ሌባ ጣት

ባለፈው ዓመት ለሬዲዮ ኮርስ አያቴን ድምጿን ቀርጬ ነበር። ከደብረ ብርሃን መጀመሪያ አዲስ አበባ የመጣችበትን ቀን ነው የምታወራው። ኅዳር ላይ አረፈች። ጥርት ብሎ የተቀዳው 40 ሴኮንድ ብቻ ነው። እናላችሁ አንድ ሐሳብ ያዘኝ፤ አሻንጉሊቷን ሠርቼ በራሷ ድምፅ ላስወራት!

«ቺክን ረን»ን ያያችሁ ዘዴውን ታውቁታላችሁ። አሻንጉሊቱን ትንሽ ነካ አድርጎ ፎቶ፣ ደግሞ ነካ አድርጎ ፎቶ። ለአንድ ሴኮንድ 12 ፎቶ ቢበቃ እንኳ የእኔው 480 ይሆናል።

የመጀመሪያዋን በፕላስቲሲን ብቻ ሠራኋት። አምፖሉ ሲያሞቃት ጉልበቷ ከዳት፤ አሥረኛው ፎቶ ላይ ቁጭ ብላለች። ለካ አጽም ያስፈልጋታል። ከመርካቶ የአሉሚኒየም ሽቦ ገዛሁ። ባጠፉት በኩል ይቆያል፤ አንድ ቦታ ላይ ደጋግመው ሲያጥፉት ግን ይበጠሳል፤ ስለዚህ ሁለቱን ገመድኩት። ጭንቅላቷንማ ሦስቴ ነው የቀረጽኩት።

ጨርሼ ለእናቴ ባሳያት፣ «ይቺ ደግሞ የማን አሮጊት ናት?» አለችኝ። ፊቷን መስሎኝ ነበር። «የግራ እጇ ሌባ ጣት እኮ አይታጠፍም ነበር።»

አፈርኩ። በዚያ እጅ ነው ያደግኩት። ጋዜጠኛ ነገር ያስተውላል እየተባልን ሁለት ዓመት ተምረናል! እጁን ቆርጬ እንደገና ሠራሁት፤ ለዚያች ጣት በሽቦው ፋንታ የክብሪት እንጨት አስገባሁ።

አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው። ቅጂው መሐል ላይ ሦስት ሴኮንድ ዝም ትላለች። ለኮርሱ ስሠራ ቆርጬ ጥዬው ነበር፤ ዋናው ላይ ግን አለ። 36 ፎቶ መሆኑ ነው። ያኔ እጇ ምን ያደርግ ነበር? አላየሁም፤ መቅረጫው እየሠራ መሆኑን ነበር የማየው። እማዬ፣ «ዝም ስትል የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልል ነበር» ትላለች። ግን እሷ የዚያን ቀን አልነበረችም። ዜና ቢሆን ኖሮ አስተማሪያችን «ማን አየ?» ብለው ይመልሱልኝ ነበር።

ለጊዜው እጇን ጭኗ ላይ አሳርፌዋለሁ። ምንም ካልተነቃነቀች ደግሞ ፊልሙ የቆመ ይመስላል፤ ስለዚህ ዓይኗን አንዴ ጨፈን አደርግላታለሁ። ዓይኑን የማይጨፍን ሰው የለም መቼም። መብራት ካልጠፋ ዛሬ ማታ አነሳዋለሁ።