በሦስት ሰው ወንበር ላይ

ቻይናን አየሁ ለማለት አልደፍርም። ያየሁት ከቤጂንግ እስከ ሺያን ያለውን የባቡር መንገድ፣ አንድ የከተማ ግንብ፣ ብዙ የሸክላ ወታደሮችና ጥቂት ሰዎችን ነው። ቢሆንም «እንዴት ነው አገሩ?» እያላችሁ ላጣደፋችሁኝ ጓደኞቼ ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንድ ጊዜ ጽፌ ብገላገል ይሻላል።

አስቀድሜ አንድ የልጅነት ጥፋቴን ልናገር። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ገና ሐዲዱ ሲዘረጋ፣ እኔና የሰፈሬ ልጆች ከትምህርት ቤት ስንመለስ አጥሩ ሥር ቆመን «ቻይና! ቻይና!» እያልን እንጮህ ነበር። በአነጋገራቸውም እናላግጣለን። ባለ ሦስት እግር መለኪያ ይዞ የሚውል አንድ ቀጭን ሰውዬ ነበር። ቆቡን አውልቆ ላቡን ይጠርግና ተመልሶ መሣሪያውን ያያል። ስሙ ማን ይሆን ብለን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅንም። ስሙ ቻይና ነበር፣ አለቀ!

ታዲያ ቀን ሲሞላ እኔው ራሴ ለትምህርት ቲያንጂን ሄድኩ። አንድ ዓመት ቋንቋ ከተማርኩ በኋላ የጥር ዕረፍት ሲመጣ ልብሴን በጀርባ ሻንጣ አጭቄ ተነሣሁ። እስከ ቤጂንግ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ አዳማ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ፈጣኑ ባቡር በግማሽ ሰዓት አደረሰኝ። ወንበሩ ምቹ፣ መስኮቱ ንጹሕ፣ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ማንም ማንንም አላናገረም። እኔም ደስ እያለኝ ትንሽ ከፋኝ።

ከቤጂንግ ወደ ሺያን 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በፈጣኑ ባቡር አምስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይደረሳል፤ ዋጋው ግን የቀርፋፋውን ሦስት እጥፍ ያህል ነው። የተማሪ ኪስ ታውቃላችሁ፤ ቀርፋፋውን መረጥኩ። ጊዜው የቻይኖች አዲስ ዓመት መዳረሻ ስለነበር ከተማ ለሥራ የወጣው ሕዝብ ሁሉ ወደ ትውልድ ቀዬው ይጎርፋል። በአረፋና በመስቀል ወደ ጉራጌ አገር የሚሄደውን ሰው አስቡትና በብዙ ሺህ አባዙት። ወንበር አልቆ ስለነበር የደረሰኝ የመቆሚያ ትኬት ነው። ዋጋው ከባለ ወንበሩ እኩል መሆኑ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በማዳበሪያ ከረጢትና በፕላስቲክ ባልዲ መካከል ተጣብቄ ቆምኩ። አንድ ሕፃን አየኝና «ላዎዋይ!» ብሎ ጮኸ። ባዕድ ሰው፣ ፈረንጅ እንደማለት ነው። ሠረገላው ሁሉ ዞረ። ስልኮች ወጡ፤ ፎቶዬ ተነሣ። አንዱ ጎረምሳ ሳይጠይቀኝ ፀጉሬን ዳሰሰ። ምን ልበላችሁ፣ የት ልግባ አልኩ። ቆብ ቢኖረኝ ኖሮ አውልቄ ላቤን እጠርግ ነበር።

ይህን ጊዜ እናቴን የሚያህሉ ሴት ለሦስት ሰው ከተሠራው ወንበር ጫፍ ላይ ሆነው ጎናቸው ያሉትን ሁለት ሰዎች በክርናቸው ገፉና አንድ ስንዝር የምታህል ቦታ ከፈቱልኝ። ተቀመጥኩ። «አዪ» አልኳቸው፤ አክስቴ እንደማለት ነው። ሳቁ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«አገራችሁ የሚበላ ነገር አለ?»

ደሜ ፈላ። «ከእናንተ አገር አያንስም!» ልል የቻይንኛ ቃል ስፈልግ፣ ሴትዮዋ የተቀቀለ እንቁላል ልጠው እጄ ላይ አስቀመጡ። እንቁላል በእጅ ይዞ መቆጣት እንዴት ይቻላል? ደግሞስ በምን አፌ? ከቤት ስወጣ እማ ምን ነበር ያለችኝ? «ልጄ፣ ሐላል ካልሆነ ሥጋ የሚባል እንዳትቀምስ፤ ውሻም ይበላሉ ይላሉ።» ጎረቤታችንስ መንገድ ሊሠሩ የመጡት ሁሉ እስረኞች ናቸው ብሎ በስንቱ ቡና ላይ ምሎ የለም? እኛ ለእነሱ ያቆየንላቸውን እነሱም ለእኛ አቆይተውልናል።

ሌሊቱ ረጅም ነበር። በየሠረገላው ጫፍ የፈላ ውኃ ማሽን አለ፤ ሰው ሁሉ እየተነሣ ኑድሉን ያርስበታል። ጤነኛ ሰው ባዶ ሙቅ ውኃ ሲጠጣ ማየት ለእኔ እንግዳ ነው፤ እኛ ዘንድ ጨጓራ ያመመው ብቻ ነው የሚጠጣው። የሱፍ አበባ ፍሬ ይፈለፈላል፣ ካርታ ይመታል፣ ሕፃን ያለቅሳል። ሲነጋጋ ሴትዮዋ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። እኔም አልተንቀሳቀስኩም።

ሺያን ስደርስ ሌላ ነገር ጠበቀኝ። አንዲት አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ገብቼ ፓስፖርቴን ሳላወጣ ልጅቷ «ሜዮ!» አለችኝ። የለም ማለት ነው። ከኋላዬ የገቡት ባልና ሚስት ቻይኖች ግን ቁልፍ ተሰጣቸው። የውጭ ሰው የማይቀበሉ ማረፊያዎች እንዳሉ ሰምቼ ነበር፤ ነገሩ ያ ይሁን ወይስ መልኬ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አለማወቁ ነው የሚያቃጥለው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ማደሪያ ያገኘሁት በሦስተኛው ቤት ነው።

ማታ ሁዪ የሚባሉት ቻይኖች ሙስሊሞች ሰፈር ወረድኩ። ነጭ ቆብ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ በር ላይ ቆመዋል፤ ፈራ ተባ እያልኩ «አሰላሙ አለይኩም» አልኳቸው። ፊታቸው በራ፤ ሰላምታዬን መልሰው እጄን ይዘው አስገቡኝ። የቀረበልኝ ሁለት ደረቅ ቂጣና ባዶ ጎድጓዳ ሳህን ነው። ቂጣውን ራስህ ትፈተፍታለህ፤ ከዚያ ሳህኑን ወስደው የበግ መረቅና ሥጋ ያፈሱበታል። እኔ ጎላ ጎላ አድርጌ ቆራረስኩት። ሽማግሌው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ጎኔ ተቀምጠው ቂጣዬን ወሰዱና እንደ ባቄላ ፍሬ አድርገው ፈተፈቱልኝ። ዋጠኝ ሆዴ! እናንተ፣ ፍትፍት እኮ ነው!

በማግሥቱ የሸክላ ወታደሮቹን ላይ ሄድኩ። የመጀመሪያው የቻይና ንጉሠ ነገሥት ከመቃብሩ አጠገብ ያስቀበራቸው ናቸው፤ ስምንት ሺህ ያህል ይሆናሉ ተብሎ ይገመታል። ገበሬዎች የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ያገኟቸው በእኛ አገር አብዮት በፈነዳበት በ1966 ዓ.ም. ነው። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ብዙ ቆየሁ። አንዱ ጺሙን አሹሏል፣ አንዱ ከንፈሩን ነክሷል፣ አንዱ የተኮሳተረ ጎልማሳ፣ አንዱ ገና ልጅ። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የነበረ ሸክላ ሠሪ አንዱን ፊት ከሌላው ለይቶ ለመሥራት ደክሟል። እኛ ደግሞ አጥር ሥር ቆመን «ቻይና ሁሉ አንድ መልክ ነው» እንላለን! ባለ መለኪያውን ሰውዬ ፊት ለማስታወስ ሞከርኩ። ቆቡ ብቻ ነው የመጣልኝ።

ማታ ለእማ ደወልኩ።

«እሺ፣ አገሩ እንዴት ነው? ውሻ ይበላሉ?»

«እኔ ያየኋቸውስ ፍትፍት ሲበሉ ነው።»

የእንግዳ ማረፊያውን ነገር አልነገርኳትም። ሴትዮዋ የጠየቁኝንም አልነገርኳትም፤ እንቁላሉን ብቻ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና፣

«ፍትፍቱ ቅቤስ አለው?» አለችኝ።