የአያታችን ቀበሌ በካርታ

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ነን፤ ከቁጥር ጋር የተጣላነውም ገና በሁለተኛ ደረጃ ነው። ይሁንና የመመረቂያ ጽሑፋችን በደቡብ ወሎ፣ በጃማ ወረዳ ስላለች ስለ አያታችን ቀበሌ በመሆኑ፣ አማካሪያችን የቀበሌዋ ካርታ ካልገባበት እንደማይቀበሉን ነገሩን። ምን ይደረግ፣ አር የሚባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ ልንማር ተቀመጥን።

ጂኦዳታ ከሚባለው የትእዛዝ ስብስብ ውስጥ «ጋደም» የሚሉት አለ። (ስሙ ጋደም ይሁን እንጂ እኛን ሦስት ሌሊት ጋደም አላስባለንም።) የአገሩን ስምና ደረጃውን ሲነግሩት የአስተዳደር ወሰኑን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ካለው ማከማቻ አውርዶ ያመጣል፤ 0 ቢሉት አገሪቱን፣ 1 ቢሉት ክልሎችን፣ 2 ቢሉት ዞኖችን፣ 3 ቢሉት ወረዳዎችን። ለተማሪ ነጻ ነው። አንድ ጊዜ ካወረደም በኋላ ከራሱ ከኮምፒዩተሩ ስለሚያነብ ኢንተርኔት በሌለበት ይሠራል። ጃማን በላቲን ፊደል ም'ን አጥብቀን ብንጽፍ «የለም» ተባልን፤ ብናላላው ብቅ አለ። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል መሆኗን ግን የሰማ አይመስልም፤ የኛ ጉዳይ ወሎ ነው ብለን አለፍነው።

4 ብንለው አንዳች አልመለሰም። ለካ ቀበሌ የለውም!

በፋሲካ ዕረፍት ደጎሎ ገባን። ካርታውን ለአያታችን ብናሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ተመለከቱት። ከሰሜን ሸዋ በሚለየን ወንዝ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፣

«ይህ ወንዝ መቼ ነው እንዲህ ቀጥ ብሎ የሄደ?» አሉን።

እውነታቸውን ነው፤ ፋይሉ እንዳይከብድብን ዝርዝሩ የተቀነሰውን መርጠን ነበርና ጠመዝማዛው ሁሉ ተላጭቶ ጠፍቷል።

«የኛ ቀበሌስ የታለች?»

«አባባ፣ ካርታው ወረዳ ላይ ያቆማል።»

«እንግዲያ እኛ የለንማ!» ብለው መነጽራቸውን አወለቁ።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሳይቀድ ቀሰቀሱን። እርሳቸው በበትራቸው «ከዚህች ቋጥኝ እስከዚያች ወይራ» እያሉ ሲያሳዩ፣ እኛ በስልካችን ነጥብ ስንይዝ ዋልን። አንድ ስፍራ ላይ ከጎረቤት ቀበሌ ሽማግሌ ጋር፣ ወሰኑ ከጅረቱ ወዲህ ነው፣ ወዲያ ነው ተባብለው ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ፤ እኛም ሁለቱንም ያዝን። ነጥቦቹ ሲገናኙ ቅርጹ የተጣመመ ቁና መሰለ። በካርታው ግርጌ «የቀበሌው ወሰን በአያታችን ምስክርነት፤ በጅረቱ በኩል አከራካሪ» ብለን ጽፈን ለአማካሪያችን ሰጠን። እስካሁን መልስ አልሰጡንም።