ከቡናው በፊት

እማዬ ሜሪላንድ እኔ ዘንድ በመጣች በሦስተኛው ሳምንት ጥርሷን ልናሳይ ሄድን። ረዳቷ አፏን እንኳ ሳታስከፍት የሹራቧን እጅጌ ሰብስባ የግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ ጠመጠመችው። «ያመመኝ ጥርሴ፣ የምትይዘው ክንዴን!» አለች እማዬ። መለኪያው 172 በ98 አሳየ። ትንሽ አሳርፋ ደግማ ለካች፤ ብዙም አልወረደም። የጥርሱ ነገር ቀርቶ ወደ ሐኪም ተላክን።

አዲስ አበባ ሳለች ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ሲያጥራት «ጨጓራዬ ነው» ትል ነበር። ጀርባዋንና ትከሻዋን ሲይዛት ደግሞ ብርድ ነው። እኛም አምነናት ፌጦ እናቀርብላት ነበር። ልብ ሲታመም ሴቶችን ከደረት ሕመሙ ጋር ወይም ያለ እሱ ማቅለሽለሽ፣ የመንጋጋና የጀርባ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ሊይዛቸው እንደሚችል ማናችንም አናውቅም ነበር።

ሐኪሟ የጠየቀቻትን ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ፦ «እማዬ፣ ስታረግዢ ግፊት ነበረብሽ ወይ? ስኳርስ?» ትንሽ ዝም አለች። «ወንድምሽን ስወልድ እግሬ አብጦ፣ ራሴን እየፈለጠኝ ሁለት ሳምንት ተኝቻለሁ።» ይህን ለእኔም ነግራኝ አታውቅም። በእርግዝና ጊዜ ግፊት የታየባት ሴት በኋላ ዕድሜዋ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ይበልጥ እንደምትጋለጥ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እኛ ዘንድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብሎ ገንፎው ከተበላ በኋላ ስለዚያ ግፊት የሚያነሳ የለም። ከሁሉ ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

እዚህ አሜሪካ ከአምስት ሴቶች የአንዷ ሞት ምክንያት የልብ ሕመም ነው። በፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ዓርብ ብዙዎች ቀይ የሚለብሱትም ይህን ለማስታወስ ነው።

የእዚህ ሐኪሞችም የማይጠይቁት አለ። እኔን በልጅነቴ ቶንሲል ይመላለስብሽ ነበር ወይ ያለኝ አንድም የለም። አገር ቤት የወጣት ሴቶችን ልብ ከሚጎዱት ዋነኞቹ አንዱ ግን በወጉ ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም የሚያመጣው የሩማቲክ ልብ ሕመም ነው። የልብን ቫልቭ ያጠብባል፤ ብዙ ጊዜ ሴቲቱ አርግዛ ደሟ ሲበዛና ልቧ ሥራ ሲበዛበት ነው የሚታወቀው። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው የፔኒሲሊን መርፌ እንዳይብስ ይከላከላል። የኢትዮጵያ ሐኪም ይህን ቶሎ ይጠረጥራል። እዚህ የምታረግዢ እህቴ፣ ባይጠይቁሽም አንቺው ንገሪያቸው።

እማዬ መድኃኒቷንና አንድ መለኪያ ይዛ ተመልሳለች። ቅዳሜ ስደውል ጎረቤቶቿ ተሰብስበው ነበር። «ከቡናው በፊት ነው የሚለካው!» ስትል ሰማኋት፤ ቡና ከተጠጣ ግማሽ ሰዓት መቆየት አለበት። ቁጥሩን በደብተር ትይዛለች። ከጎረቤቶቿ ሁለቱ ግፊታቸው ደጋግሞ ከ140 በ90 በላይ ሆኖ ጤና ጣቢያ ሄደዋል። አንዷ እስካሁን ክንዷን አልሰጠችም፤ እማዬ ግን በየሳምንቱ ትጠይቃታለች።