ዘመነ ጽጌ ሲያልፍ የዳሊያ አያያዝ በጎንደርና በደባርቅ

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን የሚቈየው ዘመነ ጽጌ ሲፈጸም፣ ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣ መንገደኛ የወገራን መስክ ቢመለከት፣ አደይ አበባ ረግፎ ደረቅ አገዳው ብቻ ቆሞ ያገኘዋል። በጎንደር ከተማ ግን በየግቢው ዳሊያ ገና አብቦ ይታያል። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ የኑግም ወገን ናቸው። ነገር ግን አደይ አበባ በዘሩ ሲተካ፣ ዳሊያ ስኳር ድንች በሚመስለው ሥሩ ከዓመት ወደ ዓመት ይሻገራል።

የዳሊያ አገሩ የሜክሲኮ ደጋ ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1789 ዓ.ም. ወደ ማድሪድ ተላከ፤ ከሁለት ዓመትም በኋላ ካቫኒዬስ የተባለው የእስፓኝ የዕፅዋት ሊቅ በስዊድናዊው በአንደርስ ዳል ስም ጠራው። የሜክሲኮ ከተማ ከፍታ 2240 ሜትር ያህል ነው፤ ጎንደርም ከ2100 ሜትር በላይ ናት፤ የሁለቱም ዋና ዝናም ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ስለዚህ አበባው በስሙ እንግዳ ቢሆንም፣ በእኔ አስተያየት ከአውሮፓ ይልቅ የጎንደር አየር ይስማማዋል።

እናቴ በሕይወት ሳለች በጎንደር ቤታችን ከድንጋዩ ካብ አጠገብ ወይን ጠጅ ዳሊያ ነበራት። ዝናም ሲያቆም ቅጠሉ በራሱ ጊዜ እስኪጠወልግ ትታገሠው ነበር፤ ሥሩ ስንቁን የሚያከማቸው በዚያን ጊዜ ነውና። ከዚያም አገዳውን አንድ ስንዝር አስቀርታ ትቈርጠዋለች፤ ውሃም አትሰጠውም። ስፍራው ውሃ የማይቋርበት ስለ ሆነ ሥሩ እስከ ግንቦት ደኅና ሆኖ በመሬት ውስጥ ይተኛል።

እርስዋ ካረፈች በኋላ ለሥራ ወደ ደባርቅ ስዛወር ከሥሩ ግማሹን ይዤ ሄድሁ። በበጋውም እርስዋ ስታደርግ እንዳየሁት መሬት ውስጥ ተውሁት። ደባርቅ ግን ከ2800 ሜትር በላይ ናት፤ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርድባታል። በታኅሣሥ አንድ ማለዳ ብወጣ ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቍሮ አገኘሁት። እርሱስ ባልከፋ ነበር፤ በዚያው ሳምንት ብቈፍረው ኖሮ ሥሩ ይድን ነበርና። የሚያቈጠቍጠው ዓይን ያለው በሥሩ አንገት ላይ፣ ከመሬቱ ገጽ አጠገብ ነው፤ እኔም ጥልቅ አልቀበርሁትም። በግንቦት ብቈፍር እጄ ላይ ፈረሰ።

ብዙ አዘንሁ። ደግነቱ ግማሹ ጎንደር ቀርቶ ነበርና ከርሱ አካፍዬ ሁለተኛ ተከልሁ። ዘንድሮ ውርጩ ቅጠሉን እንዳጠቈረው አገዳውን ቈረጥሁ፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ሥሩን ዶማ እንዳያቈስለው በእንጨት ዙሪያውን ፈልፍዬ አወጣሁት። አገዳው ውስጡ ክፍት ስለ ሆነ ውሃ ይይዛል፤ ስለዚህ ሥሩን ወደ ላይ ገልብጬ በጥላ አደረቅሁትና በደረቅ አሸዋ በተሞላ ቅርጫት ውስጥ አኖርሁት። እጅግ ከተጨማደደ ጥቂት ውሃ ማርከፍከፍ ይገባል፤ የበሰበሰውንም ወደ ጤነኛው ሳይጋባ ማውጣት ነው። ማካፈል የሚሻ ሰው ዓይኑ እስኪታይ ይቈይ፤ አንገትና ዓይን የሌለው ሥር ምንም ቢወፍር አይበቅልም።

ቅርጫቱ ከአልጋዬ ሥር ነው። ትናንት ማታ ከፍቼ ባይ ከሰባቱ አንዱ ሻግቶ ነበርና አወጣሁት፤ ስድስቱ ደኅና ናቸው።