ባርኔጣ ያጠለቀው ሰውዬ

በ1990ዎቹ መጨረሻ ሚዛን ተፈሪ ላይ «ኮምፒዩተር ተምሬአለሁ» የሚል ሰው ዎርድና ኤክሴል ይችላል ማለት ነበር። ከዚያ ያለፈ ነገር የሚያውቅ ከተገኘ ሞባይልም ይጠግናል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ አንድ ማሠልጠኛ በሩ ላይ «ዌብ ዲዛይን» ብሎ ሲለጥፍ፣ ወላጆቻችን ክፍያውን የሰጡን ነገሩ ገብቷቸው ሳይሆን ስሙ ደስ ብሏቸው ነው። ጊዜውም ረድቶናል። በ1999 ዓ.ም. የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ከተማው ስለ ትምህርት የሚያወራው ስለ ቡና ዋጋ የሚያወራውን ያህል ሆኖ ነበር።

ማሠልጠኛው ግን ኢንተርኔት አልነበረውም። ዛሬ ሲነገር ቀልድ ይመስላል እንጂ የኤችቲኤምኤል ገጽ ተራ ጽሑፍ ነው፤ ኖትፓድና ብሮውዘር ያለው ሰው ዓለም ቢዘጋበትም መማር ይችላል። መምህሩ ታጎቹን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ እኛ ወደ ደብተራችን እንገለብጣለን፣ ተራችን ሲደርስ ሁለት ሁለት ሆነን አንድ ኮምፒዩተር ላይ እንታጨቃለን። ከዚያ ዝናቡ ይመጣል። ዝናቡ ሲመጣ መብራት ይሄዳል፤ መብራት ሲሄድ ሴቭ ያላደረገ ሁሉ «ወይኔ!» ይላል። እዚያ አገር ዝናብ የማይመጣበት ወር ስለሌለ በየአረፍተ ነገሩ ሴቭ ማድረግ ልማድ ሆኖብን ቀረ።

ፈተናውም በወረቀት ነበር። ብሮውዘር እኮ ለጋስ ነው፤ የከፈትከውን ታግ ሳትዘጋ ብትቀር እንደምንም ገምቶ ያሳይልሃል። መምህራችን አይገምትም። አንዲት እዝባር የረሳ በቀይ እስክሪብቶ ግማሽ ማርክ ይቆረጥበታል። ወረቀቱን ይዞ ከላይ ወደ ታች በጣቱ እየተከተለ ሲያነብ፣ የጻፍነው ገጽ በዓይኑ ፊት ሲሠራ ይታየው እንደነበር እምላለሁ።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ ስለ አካባቢያችን ገጽ መሥራት ነበር። ሁላችንም ስለ ቡና ሠራን። ጀርባው ጥቁር አረንጓዴ፣ ማለትም 006600፤ ርእሱ ቢጫ፤ ከላይ በማርኪ ታግ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄድ «እንኳን ወደ ቡና ምድር በደህና መጡ» የሚል ጽሑፍ። ገጹን ለመከፋፈል ድንበሩን ዜሮ ያደረግነውን ቴብል እንጠቀማለን፤ ያኔ የዓለም ግማሹ ገጽ የሚሠራው እንደዚያው ነበር። በበቃ የቡና እርሻ ላይ ያደገች አንዲት ልጅ ብቻ ከእኛ የተለየ ጻፈች። ለቀማ ሲደርስ ከሩቅ ስለሚመጡት ሠራተኞች፣ ማታ ማታ ስለሚያወሩት፣ ስለሚያበስሉት። ማርኪ አልነበራትም፤ ከሁላችንም የሚነበበው ግን የእሷ ነበር።

ሲኤስኤስ፣ ማለትም የገጽን መልክ የሚወስነው ቋንቋ፣ የመጣብን መጨረሻ ላይ ነው። ሆኮን ቪየም ሊ የተባለው ኖርዌያዊ ሐሳቡን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1994፣ የመጀመሪያው ደረጃ የጸደቀው በ1996 ነበርና እኛ ዘንድ ለመድረስ አሥር ዓመት ግድም ፈጅቷል። በሚዛን መንገድ ከሆነ ብዙም አልዘገየም። መምህሩ የሁላችንንም ገጾች ወደ አንድ ፎልደር ሰብስቦ፣ ፎንት ታጋችንን አውጥቶ፣ ሁሉንም ከአንድ የስታይል ፋይል ጋር አገናኛቸው። ከዚያ እዚያች ፋይል ውስጥ አንድ ቃል ቀየረ። ገጾቹን በየተራ ሲከፍታቸው የሁላችንም ርእስ ቀይ ሆኖ ጠበቀን። በየአንቀጹ ቀለም ስንደጋግም የከረምነው ልጆች ተያየን። ሲኤስኤስ ግን ተንኮለኛ ነው፤ ስትስት አይጮህም። አንዲት ሰሚኮለን ከጎደለች ትእዛዙን ከነተከታዩ ዝም ብሎ ይጥለዋል። አንተም የጠፋውን ቀለም ስትፈልግ ታመሻለህ።

ትልቁ ጣጣ ፊደላችን ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም ክፍላችን ውስጥ የነበሩት የዊንዶውስ ኤክስፒ ማሽኖች ከራሳቸው ጋር የመጣ የግዕዝ ፎንት አልነበራቸውም። በድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች የጻፍነው፣ ፎንቱ ያልተጫነበት ማሽን ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። የዩኒኮድ ፎንት በሲዲ ተገኝቶ ከተጫነ በኋላም ኖትፓድ ዩቲኤፍ 8 የሚለውን ካልመረጥክለት ይጫወትብሃል። ማታ «ሚዛን ተፈሪ» ብለህ ያስቀመጥከውን ጠዋት ስትከፍተው ሦስት ጥያቄ ምልክት፣ ክፍት ቦታ፣ ሦስት ጥያቄ ምልክት። ከተማችን ራሷ ማን እንደሆነች የምትጠይቅ ይመስል። አማርኛው ተስተካክሎ የወጣለት ልጅ ሌላውን ሁሉ ጠርቶ ያሳይ ነበር። ያ ገጽ ለዓለም አልወጣም፤ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ እኛው ተያየነው። ከክፍላችን ሙያውን የያዙት ጥቂቶች ኋላ አዲስ አበባ ገብተው የሆቴልና የአስመጪ ገጽ ሲሠሩ ኖሩ፤ በእንግሊዝኛ።

ባለፈው መኸር ቴፒ፣ አክስቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። የልጅ ልጃቸው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የዌብ ፕሮግራሚንጉን ጨርሶ ሰርተፍኬቱን የቴሌግራም ፎቶው አድርጎታል። ነፃ ትምህርት፣ እዚያው ጓሮ ተቀምጦ፣ በስልክ! ቀናሁበት። የሠራውን እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። እሱም ስለ ቡና ነው የሠራው። ገጹ ከስልክ ወደ ላፕቶፕ ሲዛወር ራሱን ያስተካክላል፣ ጥላ አለው፣ ስትነካው ይንቀሳቀሳል፤ እኛ በቴብል የምንሰቃይበትን እሱ በአንድ መስመር ግሪድ ጨርሶታል። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። መሀል ላይ ሰፊ የሣር ባርኔጣ ያጠለቀ ጺማም ሰውዬ ቀይ ቡና በእፍኙ ይዞ ይስቃል። ከኋላው ያለው ተራራ ራቁቱን ነው። የእኛ ቡና ከጥላ ዛፍ ሥር እንደሚበቅል ልጁ ከእኔ በላይ ያውቃል።

«ይሄ ማነው?»

«አላውቀውም ጋሼ፤ እሱ ነው የመረጠው።»

«እሱ» ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ነው። ገጹን በአንድ ትንፋሽ ጽፎ ሰጥቶታል። ኮዱን ከፍተን የባርኔጣው ሰውዬ የት ጋ እንዳለ ጠየቅኩት። ጣቱ ስክሪኑ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች አለ። አማርኛ ለምን አላደረግከውም ብለው «አማርኛ የሚያነበው ማን አለ?» አለኝ። ዛሬ ማንኛውም ስልክ ግዕዙን አጥርቶ ያሳያል፤ ጥያቄ ምልክት የለ፣ ሣጥን የለ።

ስለ ባርኔጣው ሰውዬ ስጠይቅ በሆዴ የያዝኩት ሌላ ነገርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከጌሻ ጫካ፣ ከዚሁ ከእኛ አገር ደን የተለቀመ የቡና ዘር በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ በ1953 ኮስታሪካ ደረሰ፤ ከዚያ ፓናማ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ የፓናማ እርሻ ያንን ቡና በኢንተርኔት ጨረታ አንዱን ፓውንድ 21 ዶላር ሸጠው። የጊዜው ክብረ ወሰን ነበር። ያ ሽያጭ ሲካሄድ እኛ ሚዛን ላይ ገና ማውዝ መያዝ እንለማመድ ነበር። በ2025 ደግሞ የፓናማው ጌሻ በኪሎ ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ወጣ። እነሱ «ጌይሻ» ይሉታል። ኢንተርኔት ላይ ስሙን ስትፈልግ ፓናማ ቀድማ የምትመጣልህ እርሻቸው ስለሚበልጥ አይደለም፤ ስለ እርሻቸው፣ ስለ ማሳቸው ከፍታ፣ ስለ አያቶቻቸው ጽፈው ስላስቀመጡ ነው።

ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት። ዝም ብሎ ተነሳና ጀንፈሉን ማድረቂያ አልጋ ላይ የሚያገላብጡትን አያቱን ፎቶ አንስቶ መጣ። ሰውዬውን አብረን ፈልገን አወጣነው፤ ኢሜጅ ታግ ውስጥ ተሸሽጎ ነበር። አዲሱ ፎቶ አምስት ሜጋባይት ሆኖ ገጹ በቴፒ ኔትወርክ አልከፈት አለ፤ ፎቶ ማሳነስ የሰርተፍኬቱ አካል አልነበረም መሰለኝ። አሳነስነው። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ በአማርኛ ራሱ ጻፈ፣ እኔ ፊደል አረምኩለት።

አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ተቀበሉ።

«ሻሼን ሳላስተካክል አነሳኝ እኮ ይሄ ልጅ!» አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «ያ ፓናማ የምትለው አገር ስንት ይሸጣል አልክ?»

ነገርኳቸው።

«በኩንታል?»

«በኪሎ ነው አክስቴ።»

ስልኩን ደግመው አዩ። «ታዲያ የእኔን ዋጋ ምነው አልጻፋችሁበትም?»

ዋጋው የሚጻፍበት ሣጥን እስከ ዛሬ እልባት አላገኘም። እሳቸው በደወሉ ቁጥር ይጨምራል።