ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ምን ይላል?

«ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» ይላል ያገራችን ሰው። የገንፎ ስንጥር ያሳሰባቸው አባቶቻችን፣ ልጆቻቸው በሰው አገር ሌሊቱን ሙሉ የሚረጩትንና የሚተነፍሱትን ፈሳሽ ምንነቱን ሳይጠይቁ ሲኖሩ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር? ይህን ጋዜጣ ይዛችሁ በያይነቱ እስኪቀርብላችሁ የምትጠብቁ ወገኖቼ፣ ከመካከላችሁ የሆቴል ክፍል የምታጸዱ፣ መኪና የምታጥቡ፣ ጥፍር የምትሠሩ፣ ልብስ እጥበት ቤት የምትውሉ፣ የሆስፒታል ወለል የምትወለውሉ ብዙ ናችሁ። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ፖለቲካ አይደለም፤ ስለ ጠርሙስ ነው። ዞሮ ዞሮ መጨረሻው ፖለቲካም ሳይሆን አይቀርም።

እኔ በሙያዬ ጋዜጠኛ ነኝ። በ2014 የግል መጽሔቶች በየተራ ሲከሰሱና ባልደረቦቼ በየአገሩ ሲበተኑ እኔም ተሰደድኩ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ዋሽንግተን ዙሪያ እንደ ደረስኩ ያገኘሁት እንጀራ የቢሮ ሕንፃ ጽዳት ነበር። ዛሬም ቀን ቀን የማኅበረሰባችንን ጉዳይ እየተሯሯጥኩ ማታ ማታ ከዚያው ነኝ። ብዕር የያዘ እጅ መወልወያ ቢይዝ ነውር የለበትም። ነገር ግን የጠያቂነት ልማድ ከሰው ጋር አብሮ ይሰደዳልና፣ እንደ ገባሁ ዓይኔ ያረፈው ጠርሙሶቹ ላይ ነበር።

አገር ቤት ሳለን «የማወቅ መብት» ስንል የምናስበው ስለ በጀት፣ ስለ ፍርድ ቤትና ስለ ባለሥልጣን ነበር። በአሜሪካ ሠራተኞች ዘንድ ይኸው ቃል ሌላም ነገር ያመለክታል፤ ይኸውም የምሠራበት ኬሚካል ምን እንደሆነና ምን እንደሚያደርገኝ የማወቅ መብት ማለት ነው። የፊላዴልፊያ ከተማ በ1981 ይህን መብት በሕግ አጸደቀች። በ1983 ኦሻ ተብሎ የሚጠራው የፌዴራሉ የሥራ ደህንነትና ጤና አስተዳደር ለመላ አገሪቱ ደንብ አወጣ። ያ ደንብ ግን የሚመለከተው የፋብሪካ ሠራተኛን ብቻ ነበር። ኬሚካሉን የሚቀምመው ሲጠበቅ በኬሚካሉ ሽንት ቤት የሚያጸዳው ተዘነጋ። ጽዳት ሠራተኛውና መካኒኩ የተካተቱት በ1987 ነው።

ቀጥሎ የመጣው ችግር አንድ ዓይነት ቋንቋ ያለመኖሩ ነበር። አንዱ አገር አደገኛ ነው ያለውን ሌላው ምንም አይል፤ አንዱ አምራች በሁለት ገጽ የጻፈውን ሌላው በአሥር ገጽ ያወሳስበው ነበር። በ1992 ሪዮ ዲ ጄኔሮ ላይ የተሰበሰቡት መንግሥታት ለዓለም ሁሉ አንድ የሆነ የምደባና የምልክት ሥርዓት እንዲዘጋጅ ተስማሙ። በ2003 የተባበሩት መንግሥታት ሥርዓቱን ተቀበለ፣ በ2008 የአውሮፓ ኅብረት ሕግ አደረገው፣ በ2012 አሜሪካ ደንቧን ከዚሁ ጋር አስማማች። ኦሻ በ2024 ደግሞ አድሶታል።

እንግዲህ ወደ ጠርሙሱ እንምጣ። በማዕዘኑ የቆመ፣ ዙሪያው ቀይ፣ ውስጡ ነጭ የሆነ አራት ማዕዘን ስታዩ ቆም በሉ። በውስጡ ያለው ጥቁር ሥዕል ከዘጠኝ አንዱ ነው። የእሳት ነበልባል በቀላሉ ይቀጣጠላል ማለት ነው። ነበልባሉ ክብ ላይ ከተቀመጠ ግን ነገሩ የሌላውን እሳት ያባብሳል ማለት ነው። የሚፈነዳ ቦምብና የጋዝ ሲሊንደር ትርጓሜ አያሻቸውም። ፈሳሽ ሲንጠባጠብ እጅና ብረት ሲበላ የሚያሳየው ሥዕል ቆዳንና ዓይንን የሚያቃጥል መሆኑን ይናገራል፤ ኃይለኛ የምድጃና የሽንት ቤት ማጽጃዎች ላይ የምታገኙት እሱን ነው። የደረቀ ዛፍና የሞተ ዓሣ ስለ አካባቢ ነው፤ ይህን አንዱን ኦሻ አያስገድድም።

ሦስቱ ሥዕሎች ግን ዘወትር ይምታታሉ። የራስ ቅልና አጥንት ያለው ከአገር ቤት የመብራት ትራንስፎርመር ጀምሮ የምናውቀው ነው፤ በትንሽ መጠን፣ በአጭር ጊዜ ይገድላል ማለት ነው። ቃለ አጋኖ፣ ማለትም በጋዜጦቻችን ርዕስ ላይ የማይጠፋው ምልክት፣ ቆዳ ወይም ዓይን ያስቆጣል፣ ራስ ያዞራል፣ ቢዋጥ ይጎዳል ለማለት ነው። ሦስተኛው ደረቱ ላይ ኮከብ የሚመስል ነገር የፈነዳበት ሰው ነው። በአንድ የማኅበራችን ስብሰባ ላይ ይህን ሥዕል ሳሳይ አንዱ ወንድማችን «ሜዳልያ የተሸለመ ጀግና ነው» ብሎ አዳራሹን አስቆታል። ሥዕሉ ግን ካንሰርን፣ በፅንስ ላይ የሚደርስ ጉዳትን፣ አስምን፣ የጉበትንና የኩላሊትን መጎዳት ሊያመለክት ይችላል። የራስ ቅሉ ዛሬ የሚገድለውን ሲያሳይ፣ ባለ ኮከቡ ሰውዬ ብዙውን ጊዜ ከዓመታት በኋላ የሚጠይቀንን ነው የሚያሳየው። የዛሬውን መርዝ ሁላችንም እንፈራለን። የሚጎዳን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሽታውን ለምደን ከእሱ ጋር የኖርነው ነው።

ከሥዕሉ አጠገብ አንድ ቃል ይኖራል። «ዴንጀር» ካለ ከባዱ ነው፤ «ዋርኒንግ» ካለ ቀለል ያለው። አንድ የእንግሊዝኛ ወጥመድ ደግሞ ልጨምር። «ፍለመብል» ተቀጣጣይ ከሆነ «ኢንፍለመብል» የማይቀጣጠል ይመስላል። ሁለቱም ተቀጣጣይ ማለት ናቸው።

ጠርሙሱ ላይ ያለው አጭሩ ነው። ረጅሙ «ኤስ ዲ ኤስ» የሚባለው የደህንነት መረጃ ወረቀት ሲሆን፣ በማንኛውም አምራች ቢጻፍ አሥራ ስድስት ክፍሎች በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል አሉት። ሁሉንም አንብቡ ብዬ አላሰለቻችሁም። አራት ቁጥሮች በቃላችሁ ያዙ። ክፍል 2 አደጋውን ይናገራል። ክፍል 4 የመጀመሪያ እርዳታ ነው። ክፍል 8 ምን ዓይነት ጓንት፣ መነጽርና የመተንፈሻ መከላከያ እንደሚያስፈልግ ያስረዳል። ክፍል 10 ከምን ጋር መቀላቀል እንደሌለበት ይነግራችኋል።

ወረቀቱም ቢሆን እንከን አያጣም። ክፍል 8ን ስትከፍቱ አንዳንዱ «ተስማሚ ጓንት ይልበሱ» ብሎ ያልፋል፤ ተስማሚው የትኛው እንደሆነ ሳይል። ቀጭን የላቴክስ ጓንት ለብዙ ቀለም ማስለቀቂያዎች ወንፊት ነው። የሕክምና ማስክም አቧራ ቢቀንስ እንጂ የኬሚካል ትነት አያግድም። ክፍል 3 ላይ ደግሞ አምራቹ «የንግድ ምስጢር» ብሎ የአንዱን ቅመም ስም ሊደብቅ ይችላል፤ ሆኖም በድንገተኛ ጊዜ ለሚያክም ሐኪም የመግለጽ ግዴታ አለበት። ሌላው የሚያሳስተው ቁጥሩ ነው። በዚህ ወረቀት ክፍል 2 ላይ ምድብ 1 ከሁሉ የከፋው ነው። በሕንፃና በበርሜል ላይ በምናየው፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫና ነጭ በሆነው የእሳት አደጋ ሠራተኞች ምልክት ላይ ግን ከሁሉ የከፋው 4 ነው። አንዱን ለምዶ ሌላውን ያነበበ ሰው ክፉውን ቀላል፣ ቀላሉን ክፉ ያደርገዋል።

ነገሩ የወረቀት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አብራን የምትሠራ፣ የጥገኝነት ጉዳይዋ ገና ያልተወሰነላት አንዲት እህታችን ለሳምንታት አሳላት። ብርድ ነው ተባለ። ዳማከሴ ጨመቀች፣ ነጭ ሽንኩርት በማር በላች፤ ሳሉ ግን ሥራ ስትገባ ይነሳል፣ በዕረፍት ቀኗ ይተዋታል። የምትረጨው ምንም ባልተጻፈበት ጠርሙስ ውስጥ ያለ ሰማያዊ ፈሳሽ ነበር። ምንድነው ብላ ብትጠይቅ ተቆጣጣሪው «ሳሙና ነው» አላት። ወረቀቱ የት አለ ብለን ብንጠይቅ በማኅደር ተጠርዞ ቢሮ ውስጥ አለ ተባልን፤ ቢሮው ማታ ይቆለፋል፣ እኛ ደግሞ የምንሠራው ማታ ነው!

ደንቡ ግን ግልጽ ነው። ወረቀቱ በእያንዳንዱ የሥራ ፈረቃ ሠራተኛው ያለ ችግር ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ መሆን አለበት። ከትልቁ ዕቃ ወደ ትንሹ የተቀዳ ኬሚካልም ምልክት ሊለጠፍበት ይገባል፤ ከዚህ ነፃ የሚሆነው የቀዳው ሰው ራሱ በዚያው ፈረቃ የሚጨርሰው ብቻ ነው። ወረቀቱ በስንት ጭቅጭቅ ሲመጣ ፈሳሹ በብዙ ውኃ መበጥበጥ የነበረበት የጀርም ማጥፊያ ሆኖ ተገኘ። እሷ ሳይበጠበጥ ነበር የሚቀዳላት። ወረቀቱን ይዛ ሐኪም ቤት ስትሄድ የሐኪሙ ጥያቄ ተለወጠ። እስከዚያ «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያስልሽ?» ነበር የሚላት። ያን ቀን «ምን ስትሠሪ ነው የሚያስልሽ?» አላት።

ከሳሉ ይልቅ እኔን ያስጨነቀኝ ፍርሃቷ ነው። «ወንድሜ፣ ስሜ እንዳይነሳ። ሰው አገር ነን» ትለኝ ነበር። ይህን ቃል እኔም አውቀዋለሁ፤ አገሬም ሳለሁ ሰው ይሰጠኝ የነበረው ምክር ይኸው ነበርና። ስለዚህ በግልጽ ልጻፈው። መረጃ መጠየቅ በሕግ የተጠበቀ መብት ነው። ጠይቀሃል ተብሎ የተባረረ ወይም ሰዓቱ የተቀነሰበት ሠራተኛ ለኦሻ አቤት ማለት ይችላል፤ ጊዜው ግን 30 ቀን ብቻ ነው። ሥልጠናም ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ መሰጠት አለበት። ወረቀቱና ምልክቱ በእንግሊዝኛ ቢሆኑ በቂ ነው የሚለው ደንብ፣ ለሥልጠናው ግን ይህን ሰበብ አይቀበልም። የዋሽንግተን ከተማ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ጽሑፎቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ሕጉ የግል አሠሪን ባይመለከትም፣ ለመንጃ ፈቃድ ያገለገለ ቋንቋ ለሳንባችን የማያገለግልበት ምክንያት አይታየኝም።

ቤታችንም ከዚህ አይርቅም። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን፣ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሁለቱም ሳንባ ያቃጥላሉ። በኖቬምበር 2019 ማሳቹሴትስ ውስጥ በርሊንግተን በምትባል ከተማ አንድ ምግብ ቤት ወለል ላይ አሲድነት ያለው ማጽጃ ፈስሶ ነበር። ሌላ ሠራተኛ ሳያውቅ ክሎሪን ያለበትን ማጽጃ ጨመረበት። ጋዙ ሲነሳ ፈሳሹን ጠርጎ ሊያስወጣ የሞከረው ሥራ አስኪያጅ ሞተ፤ ሌሎችም ሆስፒታል ገቡ። ሁለቱም ዕቃዎች የተለመዱ የወጥ ቤት ማጽጃዎች ነበሩ።

በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ደግሞ ከሁሉም የባሰ ይገጥማቸዋል። በአሜሪካ የኦሻ ደንብ ለራሱ ቤት ሠራተኛ የቀጠረን ግለሰብ አይመለከትም። ከሱቅ የሚገዛ የቤት ዕቃ በሌላ ሕግ ስለሚመራ ቀዩ ምልክት ላይኖርበት ይችላል፤ እዚያ የምትፈልጉት «ዴንጀር»፣ «ዋርኒንግ» ወይም «ኮሽን» የሚሉትን ቃላት ነው። በአውሮፓ ግን ከሱቅ በተገዛ በረኪና ላይም ምልክቱ አለ። ዓረብ አገር ያላችሁ፣ ክሎሮክስ የሚባለውን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር አንድ ላይ እንዳታፈሱ፣ እመቤቲቱ ብታዝም እንኳ። አንዱን በደንብ በውኃ ካለቀለቃችሁ በኋላ፣ መስኮት ከፍታችሁ ሌላውን ተጠቀሙ።

አንድ የቆየ ልማዳችንም ይቅር። ነጭ ጋዝና በረኪና ሃይላንድ በምንለው የውኃ ጠርሙስ መቅዳት አብሮን ባሕር ተሻግሯል። ልጅ ሲጠማው ምልክት አያነብም። ጠጥቶ ከተገኘም ለማስታወክ ጣት አትክተቱ፤ ነጭ ጋዝ ወደ ሳንባ ይገባል፣ የሚያቃጥለውም ሲመለስ ሁለተኛ ጊዜ ያቃጥላል። በአሜሪካ ያላችሁ ወዲያው 1-800-222-1222 ደውሉ። የመርዝ መረጃ ማዕከል ነው፤ ሌት ተቀን ይሠራል፣ በነፃ ነው፣ አስተርጓሚም አለው። ሕፃኑ ራሱን ከሳተ ወይም መተንፈስ ካቃተው 911 ይቅደም። የኦሻ ቁጥር 1-800-321-6742 ነው።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል። ከሁሉም በፊት ሁለት ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። ነገ ሥራ ስትገቡ የምትጠቀሙበትን ጠርሙስ ፎቶግራፍ አንሱ፤ ምልክት ከሌለው ምልክት የሌለውን አንሱ። ቀጥሎ ወረቀቱን ጠይቁ፤ ብቻችሁን ከፈራችሁ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ጠይቁ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ወደ ማኅበራችን አምጡት፤ አራቱን ክፍሎች በአማርኛ እናነብላችኋለን። እህታችን ዛሬም እዚያው ትሠራለች። ጠርሙሷ ላይ ስሙ ተጽፏል፣ ማኅደሩም የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫው በር ላይ ተንጠልጥሏል። ስሟ አልተነሳም፤ ሦስት ሆነን ነበር የጠየቅነው።

ቸር እንሰንብት።